የፈታይዋ እረፍት

ምላሷ ከእንዝርቷ ጫፍ የሾለ አንዲት ጥጥ ፈታይ ነበረች። በግራዝማች ይርዳው ግቢ ጎጆ የተሰጣት ፈትል እየፈተለች እንድታድርበት ነው። እሷ ግን የባዘቶውን ክምር ገና ስታየው እጇ እየዛለ፣ «ቆይ ትንሽ፣ ቆይ ከምሳ በኋላ» ስትል ይመሽባት ነበር። ኋላ ዘዴ አበጀች። ቂጡ የተበሳ ቅል ምሰሶው ላይ ሰቅላ ውሃ ትሞላዋለች፤ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ቀና ሳትል ትፈትላለች። ሲያልቅ ደግሞ ጥቂት ጨምራ፣ እሱ እስኪደርቅ እግሯን ዘርግታ ታርፋለች። እንዲህ እያለች ልቃቂቱን ከመረችው።

አንድ ቀን ግራዝማች ከተፍ ሲሉ እግሯን ዘርግታ አገኟት። ከኋላቸው፣ ከሰኔ ጀምሮ «ፍርዱን ነገ እሰጣለሁ» እያሉ የሚያመላልሷቸው ባለጉዳዮች ተከትለዋቸዋል።

«አንቺ! ጎጆ የሰጠሁሽ ልትጋደሚበት ነው?»

«እረፍቴ ነው ጌታዬ። ውሃው ሲያልቅ እነሳለሁ።»

«በኔ ግቢ ሥራ ፈት አይኖርም! ወይ ቅሉን ስበሪ፣ ወይ ጎጆዬን ልቀቂ!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለች። «ሥራ ፈት ይውጣ ካሉማ በሩን ልክፈትልዎ ጌታዬ። በማዕረግም የሚቀድሙት እርስዎ ነዎት።»

ባለጉዳዮቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑት። ግራዝማች ፊታቸው ቀላ።

«በይ ተይው፣ ጎጆው ይኑርሽ» አሉ። «እኔም ብሆን ጥቂት ማረፌ ነው።»

«እንግዲያስ ቅሌን ላውስዎ ነበር፤ ምን ያደርጋል! ዓባይን ጠልፈን ብንጨምርበት እንኳ ውሃው አልቆ የእርስዎ እረፍት ይተርፋል።»