ቅጂልኝ የሚባለው ምንጭ

«እማዬ፣ ከጠሉን ለምን እጃቸውን እንጠብቃለን?» ብላ ጠየቀችኝ ልጄ ማስተዋል፣ ባለፈው ጥቅምት ባዶ ጄሪካን ይዘን ከቅጂልኝ ስንመለስ።

ቅጂልኝ በእኛ በደገኞቹና በቆለኞቹ መካከል፣ ከገደሉ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ነው። የእኛ ቋንቋ ሌላ የእነሱ ሌላ፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን እንስማለን፣ እነሱ በመስጊድ ይሰግዳሉ። በዚህ ምንጭ ማንም ሴት የራሷን ዕቃ አትሞላም፤ ደገኛዋ ለቆለኛዋ፣ ቆለኛዋ ለደገኛዋ ትቀዳለች እንጂ። ከወዲያ ሰው እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። በዚያ ሰሞን ግን ገበያ ላይ ጠብ ተነሥቶ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቶ ቤት ተቃጥሎ ነበርና፣ ከቆላ የሚመጣ ጠፋ። ወንዶቹ «ከእንግዲህ ለራሳችሁ ቅዱ» አሉን። አንዳንዶቻችን ቀዳን፤ እኔ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ ሩቅ ወንዝ ድረስ እየሄድኩ እቀዳ ነበር። ለልጄም የዚያኑ ዕለት ማታ እራት ላይ ከአማቴ የሰማሁትን ነገርኳት።

እንደሚነገረው፣ በጥንት ጊዜ ምንጩ ስም አልነበረውም። የሁለቱ ወገን ጎልማሶች «ማን አስቀድሞ ከብቱን ያጠጣ» ተባብለው እዚያው ውሃው ዳር ተጋደሉ፤ ውሃው ሦስት ቀን ቀይ ሆኖ ወረደ ይባላል። ሽማግሌዎቹም ደም እንዳይመላለስ ፈርተው፣ የእኛዎቹ በታቦት የእነሱ በዱዓ፣ ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ግዝት አወጡ፤ ከዚህ ውሃ ለቤቷ የምትቀዳ ሴት ከወገኗ ትለይ፣ ልጇም አይደግላት ብለው። ሰዉን ከውሃው ለማራቅ ያሰሩት ነው፤ ድርቅ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ድርቁ መጣ። ሌላው ውሃ ሁሉ ነጥፎ ያች ምንጭ ብቻ እንደ ክር ቀጥና ቀረች። ትርንጎ የምትባል ደገኛ ጡቷ ቢደርቅባት፣ ልጇን አዝላ እንስራዋን ይዛ በቀትር ወረደች። ወርዳ ብታይ አንዲት ቆለኛ ባዶ ዕቃዋን አጠገቧ አድርጋ ውሃው ዳር ተቀምጣለች፤ ስሟ ሙሚና ነው። ሁለቱም ገበያ የሚውሉ ስለነበሩ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ትሰማለች።

«ምን ተቀምጠሽ ታያለሽ? አትቀጂም?» አለች ትርንጎ።

«ለቤቴ ከቀዳሁ የተረገምኩ ነኝ።»

«እኔም።»

«እንግዲያ ሽማግሌዎቻችን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው» አለች ሙሚና፣ ፈገግ ሳትል። ቀጥላም ትርንጎ ወዳዘለችው ሕፃን አየች። ሕፃኑ ማልቀሱን ትቶ ነበር። «የማን ልጅ ነው?»

ትርንጎ መዋሸት ትችል ነበር። የባሏን ስም ጠራች።

ሙሚና ባዶ ዕቃዋን ወደ ራሷ ሳበች። «ወንድሜን የገደለው እሱ ነው» አለች። «እኔ ብቀዳልሽ ታጠጪዋለሽ?»

«ከሰጠሽኝ አጠጣዋለሁ።»

«መርዝ ብጨምርበትስ?»

«ሳይጠጣም እየሞተብኝ ነው፤ ቅጂልኝ» አለች ትርንጎ።

ሙሚና ተነሣች። ወደ እንስራው ከመሄዷ በፊት ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ የሕፃኑን ከንፈር አረጠበች፤ ደግማም አረጠበች፤ በሦስተኛው ሕፃኑ ጣቷን ጠባ። ከዚያ ለትርንጎ ቀዳችላት፤ ትርንጎም ለሙሚና ቀዳችላት።

በዚያች ሰዓት ውሃው ድንጋዩን ሞልቶ ፈሰሰ የሚሉ አሉ። እግዚአብሔር ምን ይሳነዋል። እኔን ግን ከውሃው ይልቅ ያች ጣት ናት የምትገርመኝ፤ ወንድሟን ቀብራ የገዳዩን ልጅ ያጠባች ጣት። እሷን ሳስብ ታቦት ሲያልፍ የሚይዘኝ ዓይነት ፍርሃት ይይዘኛል።

ነገሩ በተሰማ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ግዝቱ ፈርሷል አልፈረሰም ብለው ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻም ሁለቱም ለቤታቸው አልቀዱምና አልፈረሰም አሉ። ከዚያ ወዲህ ወንዶቹ ጦር ባነሡ ቁጥር ሴቶቹ «ነገ ማን ሊቀዳልን ነው?» እያሉ ጦሩን ያስጥሏቸው ነበር ይባላል።

ማስተዋል ጉርሻዋን እንደያዘች «እና ሙሚና ይቅር አለቻቸው?» አለችኝ።

«እሱን አልነገሩንም፤ ቀዳችላት ነው ያሉን።»

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ጄሪካኔን ይዤ ብቻዬን ወረድኩ። ምንጩ ዳር ማንም የለም። ከወዲያ ማዶ፣ ከቁልቋሉ ጀርባ ግን አንዲት ሴት ባዶ ጄሪካን አቅፋ ቆማ አየኋት። ፈርታለች፤ እኔም ፈርቻለሁ። በገበያው ጠብ ማን እንደሞተባት አላውቅም። ጄሪካኔን ውሃው ዳር አስቀምጬ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅኩና፣ ጀርባዬን ሰጥቻት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አቡነ ዘበሰማያትን ሁለት ጊዜ ደገምኩ። በሦስተኛው መካከል ከኋላዬ ውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ሲወርድ ሰማሁ፤ ድምፁ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ስዞር የእኔ ሞልቷል፤ የእሷ ባዶው ከጎኑ ተቀምጧል፤ እሷ ፈንጠር ብላ ቆማለች።

ዝቅ ብዬ ቀዳሁላት።