ድምፅ አልባዋ መኪና

አንድ በላቸው የሚባል ሹፌር ነበር። መኪናው አሮጌ ናት፤ ሞተሯ ሲነሳ ሰፈሩ ይናወጣል። እሱ ግን ጉልበት ማለት ይሄ ነው እያለ ይኮራባታል። ራሱስ ከእሷ መች ይሻላል! መንገድ ላይ የነገሩትን ሁሉ ያምንና ቤቱ ገብቶ ይጮሃል። አንድ ቀን ሰው ባቀበለው ወሬ ሚስቱን አስካለን ሲጮህባት፣ ልብሷን ሸክፋ ዳገቱ ላይ ወዳለው እናቷ ቤት ወጣች።

ሊመልሳት ደጋግሞ ሞከረ። አንዳንዴ መኪናዋ ዳገቱ ወገብ ላይ አጓርታ አጓርታ ቀጥ ትላለች። እንደምንም የወጣች ቀን ደግሞ አስካለ ጩኸቱን ከሩቅ ሰምታ በጓሮ በር ውልቅ ትላለች። በመጨረሻ፣ ነገ በጠዋት ጠቅልላ ወደ እህቷ አገር ልትሄድ መሆኑን ሲሰማ ክው አለ።

በቀጥታ ወደ መካኒኩ ከድር በረረ። ከድር ሞተሩን አየና ሁለት ጋስኬቶች፣ ማለት በብረቶቹ መጋጠሚያ መሀል የሚገቡት ማሸጊያዎች፣ ተበልተዋል አለው፤ አንዱ ጭሱ በሚወጣበት በኩል፣ ሌላው አየር በሚገባበት በኩል።

«እዚህ ጋ ጭሱ መንገዱን ሳይጨርስ ያፈተልካል፤ አንተ ጉልበት የምትለው ጩኸት እሱ ነው። እዚያ ጋ ደግሞ ያልተፈለገ አየር እየገባ ሞተሩን ያምሰዋል» አለው።

በላቸው ከመቸኮሉ የተነሳ አዲሱን ከአሮጌው ላይ ደርበህ እሰረው ብሎ ነዘነዘው። ከድር አልሰማውም። የተበሉትን ከብረቱ ላይ ፍቆ አጸዳ፣ አዲሶቹን አስቀመጠ፣ ቡሎኖቹን ከመሀል ጀምሮ በየተራ ቀስ እያለ አጠበቃቸው። ከዚያ እስቲ አስነሳት አለው።

በላቸው ቁልፉን አዞረ። ጩኸት የለም። አልተነሳችም ብሎ ደግሞ ሲያዞር ሞተሩ ክርርር አለበት። ለካ ተነስታ ኖሯል! ደስታውንማ አትጠይቁኝ። ዳገቱንም እንደ ጉድ ወጣችው፣ አንዴም ሳትቆም!

አስካለ ዛሬ አልሸሸችም፤ አልሰማችማ። በር ላይ ሻንጣዋን ስታስር ቆይታ ቀና ብትል በላቸው ፊቷ ቆሟል።

«በእግርህ ነው የመጣኸው?» አለችው።

«በመኪና ነው። አስኩ፣ የሰው ወሬ እየሰማሁ ነበር የምጮህብሽ። ዛሬ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልስማ» አላት።

ተናገረች። የከረመውን ሁሉ ዘረገፈችለት። አንዳንዱ አጥንት ድረስ ያማል፤ እሱ ግን አላቋረጣትም። ስትጨርስ ሻንጣዋን ራሷ አንስታ መኪናዋ ውስጥ ከተተችው።

ወዳጆቼ፣ ጆሯችን የመጣለትን ወሬ ሁሉ የሚያስገባ ከሆነ ውስጣችን ይታመሳል፣ አፋችንም ባገኘው ሰው ላይ ይፈነዳል። ያንን ጩኸት ጉልበት ብለን እንኮራበታለን። የሰው ጉልበት ግን የሚታየው ወሬን ከደጅ መልሶ፣ ቁጣን በውስጥ ይዞ፣ የሚወዱት ሰው ዘንድ በሰላም ሲደርሱ ነው። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ቤተሰቦቻችሁ ድምፃችሁን ከሩቅ ሲሰሙ ሊቀበሏችሁ ይወጣሉ ወይስ ይደበቃሉ?