ሦስተኛው ቃል

አቶ ልዑልሰገድ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ሠራተኞቻቸው እንግሊዝኛ እንዲያሻሽሉ ብለው አንዲት መምህርት በኮንትራት ቀጠሩ። አንድ ቀን ትምህርቱን ሊቆጣጠሩ ገብተው ከፊት ተቀመጡ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃላት ተጽፈዋል፤ ሰርቫንት፣ ስሌቭ፣ ሰርቫይል።

«አንደኛው ደመወዝ እየተከፈለው የሚያገለግል ነው» አለች መምህርቷ። «ሁለተኛው ተገዶ የሚያገለግል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ማንም ሳያስገድደው የሚያጎበድድ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ነገሩ ወደ እሳቸው መሥሪያ ቤት የተወረወረ መሰላቸው።

«እኔ በምመራው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም» አሉ። «አለ ካልሽ አሁኑኑ አሳዪኝና ላባርረው። ካላሳየሽኝ ግን የምትባረሪው አንቺ ነሽ።»

መምህርቷ ሠራተኞቹን ተመለከተች። ሁሉም ዓይናቸውን ጫማቸው ላይ ተከሉ። የማንንም እንጀራ መዝጋት አልፈለገችም፤ የራሷም እንዲዘጋ አልፈለገችም።

ምን እንደምትል ስታስብ የአቶ ልዑልሰገድ ስልክ ጮኸ። የደወሉት የበላይ አለቃቸው ሚኒስትሩ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሡና ኮታቸውን ቆለፉ፤ «እሺ ክቡር ሚኒስትር፣ እሺ ጌታዬ» እያሉም ደጋግመው እጅ ነሡ። ሲጨርሱ ተቀምጠው ላባቸውን ጠረጉ።

«እህ፣ ሰውየውን አጣሽው አይደል?» አሏት።

«ኧረ አግኝቻቸዋለሁ» አለች መምህርቷ ረጋ ብላ። «ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ለማያያቸው ስልክ ሲያጎበድዱ አሁን አየኋቸው። ችግሩ፣ እሳቸውን ማባረር የሚችሉት የደወሉት ሚኒስትር ብቻ ናቸው።»