የችግኙ ብረት

በአንድ የዱቄት ፋብሪካ አንድ ምላሰኛ የጥገና ሠራተኛ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘውገ በግቢው ችግኝ ተክለው ስማቸውን በሰሌዳ ካጻፉበት በኋላ ፍየል እንዳይበላባቸው ሰጉ። ለአጥር የሚሆን በጀት ስላልነበረ፣ በረጅሙ የስንዴ ጎተራ መሰላል ዙሪያ የነበረውን፣ ሰው ሲወጣ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ የሚይዘውን የብረት ከለላ አስፈትተው ችግኛቸውን አሳጠሩበት።

እንግዶች በሚመጡበት ቀን አቶ ዘውገ ሠራተኛውን ጠሩና፣ «ጎተራው አናት ላይ ወጥተህ ባንዲራ ስቀል» አሉት።

«ከለላው የለም እኮ፣ ጌታዬ።»

«ከለላ ለፈሪ ነው! ወይ መሰላሉን ትወጣለህ፣ ወይ ከሥራህ ትወጣለህ!»

ሠራተኛው የጎተራውን አናት ቀና ብሎ አየ፤ ልጆቹንም አሰበ። ከዚያ ሄደና የችግኙን አጥር ዘሎ ገብቶ ከችግኙ ጎን ቀጥ ብሎ ቆመ። እንግዶቹ ከመኪና እየወረዱ ነበር።

«አንተ! እዚያ ምን ትሠራለህ?» ብለው ጮኹ አቶ ዘውገ።

«ከዚያ ላይ ከወደቅሁ መሬት መግባቴ አይቀርም፣ ጌታዬ። ስለዚህ በሕይወት ሳለሁ ይትከሉኝና ስምዎን ይጻፉብኝ፤ ያን ጊዜ ለእኔም ብረት ይገኝልኛል።»