ኳሷን ከያዘ በኋላ

አንድ መዝለል የፈራ ዘላይ የነበረው የራግቢ ቡድን ነበር። ራግቢ አይታችሁ የማታውቁ እንዳትደናገሩ፤ እንቁላል የመሰለች ኳስ ይዘው የሚገፋፉበት፣ የሚጣጣሉበት ጨዋታ ነው። ኳሷ ከሜዳ ስትወጣ ሁለቱ ቡድኖች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ አንዱ መስመሩ ላይ ቆሞ ኳሷን በሰልፎቹ መሀል ወደ ላይ ይወረውራታል። ያን ጊዜ ሁለት ጉልበተኞች ቀጠን ያለውን ጓደኛቸውን ከፊትና ከኋላ ጭኑን ጨብጠው ከራሳቸው በላይ ያነሱታል፤ እሱም ኳሷን አየር ላይ ይቀልባል። ከዳር ሆነው ሲያዩት ያምራል። ላይ ሆኖ ወደ ታች ለሚያየው ግን ሌላ ነው።

ዘላዩ ያፌት ይባላል። ከኋላ የሚያነሳው ደግሞ ጉደታ ነው፤ ትከሻው በር የሚያህል ሰው። አንድ ጨዋታ ላይ ያፌት ኳሷን ቀለበ። ተመልካቹ ጮኸ። ጉደታም “በቃ፣ ይዟል!” ብሎ እጁን ለቀቀና ወደ ፊት ሮጠ። ከፊት የያዘው ብቻውን አልቻለም፤ ያፌት በማጅራቱ ወደቀ። ሣሩ ላይ ተዘርሮ የእግሩን ጣቶች “ተንቀሳቀሱ” አላቸው፤ አልሰሙትም። ደግሞ አዘዛቸው፤ ዝም። ከወገቡ በታች የሌላ ሰው ገላ የተጋደመ እየመሰለው ሰማይ ሰማይ ሲያይ ቆየ።

ሐኪም ቤት ከገባ በኋላ እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት። ሐኪሙ ሲያሰናብተው፣ “ድነሃል፣ መጫወት ትችላለህ። ዳግመኛ እንዲህ ከወደቅህ ግን ለእግርህ ዋስ አልሆንም” አለው።

ያፌት ወደ ሜዳ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ግን ለእሱ የሚወረወረውን ኳስ ሁሉ ባለጋራ ይወስደው ጀመር።

በሉ እንግዲህ፣ ምርመራው ተጀመረ። ወርዋሪውን “ክንድህን ለማን አውሰኸው ነው?” እያሉ አበሻቀጡት። ምልክታቸውን ቀየሩ፣ አሰላለፋቸውን ቀየሩ፣ ጫማ ሳይቀር ቀየሩ። ያልሞከሩት ነገር ቢኖር ያፌትን “ምን ሆነሃል?” ብሎ መጠየቅ ነበር። እሱም አልተናገረም። ወንዶች አይደሉ! “ፈራሁ” ከማለት ሽባ ሆኖ መቅረት ይቀላቸዋል።

አሰልጣኙ ጋሽ መሸሻ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ኳሷን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና፣ “ያለ ኳስ አንሱት” አሉ። አነሱት። እሳቸው መጀመሪያ የያፌትን ፊት፣ ቀጥሎ እሱን ለማውረድ የቸኮለውን የጉደታን እጅ አዩ።

“ያፌት፣ ዓይንህ የት ነው ያለው?”

“ወደ ላይ ነው ጋሼ።”

“አትዋሸኝ። የጉደታን እጅ ነው የምትጠብቀው። ኳሷ አፍንጫህን ገጭታህ ብታልፍ አታያትም።”

ያፌት ለመቀለድ ሞከረና ተወው። “ጋሼ፣ ላይ ስወጣ እግሬ ከአሁኑ የሌለ ይመስለኛል። እፈራለሁ” አለ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ጋሽ መሸሻ ወደ ጉደታ ዞሩ። “አንተስ? ምን አቃጠለህና ነው እንደ ትኩስ ድስት የምትጥለው?”

ያ ግዙፍ ሰው አንገቱን ደፋ። “እኔም እፈራለሁ ጋሼ። ያን ቀን መያዙን እንጂ መውረዱን አላሰብኩም። አሁን ደግሞ እጄ ላይ እያለ አንድ ነገር ቢሆንስ እላለሁ። ቶሎ ካወረድኩት የምገላገል ይመስለኛል።”

“ለመገላገል ስትቻኮል ነዋ ግማሽ መንገድ ላይ የምትለቀው! አያችሁ ጉድ? እሱ አንተን ይፈራል፣ አንተ እሱን ትፈራለህ፣ ኳሷን ባለጋራ ይዟት ይሄዳል።”

ከዚያ ወዲህ ለጊዜው ኳስ ቀረ። ሁለቱ አንሺዎች ያፌትን ካነሱበት ጊዜ ጀምሮ እግሩ ሣር እስኪነካ ድረስ “አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ” እያሉ እንዲያወርዱት ታዘዙ። ሌሎቹ “ማን ጠርቷችሁ ነው አቤት አቤት የምትሉት?” እያሉ አሾፉባቸው። እነሱ ግን ቀጠሉ። እያደር ያፌት ለእጃቸው ጆሮውን ብቻ ተወላቸውና ዓይኑን ወደ ላይ መለሰ። ኳሷም ተመለሰች።

የፍጻሜው ጨዋታ ደረሰ። ነጥቡ እኩል እንደሆነ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኳሷ ከሜዳ ወጣች። ተሰለፉ። ያፌት ተነሳ። “አለሁ” የሚለውን ድምፅ ጠበቀ፤ የለም። ጥሩምባውና ፉጨቱ ሁሉንም ውጦታል። ማጅራቱ ቀዘቀዘ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች ቢያይ! ኳሷ ግን መጣች። አንገቱን አላዞረም፤ ቀለባት። አሁን የቀረው መውረዱ ነበር፤ ጠቅላላ ዕድሜው ከዚያች መውረድ ያጠረ መሰለው። በመጨረሻ እግሩ ሣር ነካ። ኳሷን ለጓደኞቹ አቀበለ፤ እነሱም ይዘዋት የባለጋራን የግብ መስመር አልፈው ገቡና ቡድኑ አሸነፈ።

ጭፈራው ጋብ ሲል ጉደታ፣ “እየጮህኩልህ ነበር፤ ሰማኸኝ?” አለው።

“ምንም አልሰማሁም።”

“ታዲያ ወደ ታች ሳታይ? አልፈራህም?”

“ኧረ ልሞት ነበር!” አለ ያፌት። “ግን እጅህ ጭኔ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ይሄ ሰውዬ እንደኔው ፈርቷል፤ ቢሆንም ይዞኛል አልኩ።”

እኛም ሰው ማንሳት እናውቅበታለን። ተማረልን፣ ተሾመልን፣ አገባልን ብለን በጭብጨባ ላይ እናወጣዋለን። ኳሷን እንደያዘልን ግን እጃችንን ለቀን ወደየጉዳያችን እንሮጣለን። ሲወድቅም “እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር” ለማለት የሚቀድመን የለም። የማንሳት ሥራ የሚያልቀው ሰውየው ወደ ላይ ሲወጣ አይደለም፤ እግሩ መሬት ሲነካ ነው። ለዚህ ደግሞ ጀግና መሆን አያሻም፤ እየፈሩ አለመልቀቅ ይበቃል።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናንተ ከፍ አድርጋችሁ ያነሳችሁት ሰው መሬት ነክቷል? ወይስ አየር ላይ ትታችሁት መጥታችሁ ነው ይህን የምታነቡት?