በሩብ ዋጋ የመጣው ገመድ

ሰዎቿ በሕይወት ስላሉ ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት የቆየች ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ሼኽ ሸምሰዲን የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ኪታብ የሚያቀሩት ከቤታቸው ሆነው ነው፤ ራቅ ባሉ አገሮች ያሉ ደረሶች፣ ተማሪዎቻቸው፣ በኢንተርኔት ይከታተሏቸዋል። የሚያቀሩበት ክፍል ግን ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ ዋይፋዩ አይዘልቅም፤ ድምፃቸው መሃል ላይ እየተቆረጠ ደረሶቹ ቂርአቱን፣ ትምህርቱን፣ መከታተል አቅቷቸዋል። ስለዚህ ከሳሎን እስከዚያ ክፍል የሚዘረጋ የኔትወርክ ገመድ አስፈለጋቸው። የገበያው ዋጋ ደግሞ የሚቀመስ አልሆነም።

የመስጊዱ ንብረት ያዥ ጀውሃር ይህን ሲሰማ አንድ ጥቅል ገመድ ከነማያያዣው በሩብ ዋጋ አመጣላቸው። ሼኹ ደስ አላቸው፤ መርቀው ሸኙት። ከየት አገኘኸው አላሉትም። ባለሙያ መጥቶ ገመዱን ዘረጋ፤ የተረፈውንም ጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

ሳምንት ሳይሞላ በርበሬ ሻጯ እመት ዘምዘም ዱዓ ሊያስደርጉ መጡ። የሞተ ልጃቸውን አስበው፣ ለመስጊዱ መድረሳ ሕፃናት ኮምፒውተር ክፍል የሚሆን ገመድ ሰደቃ አድርገው ነበር። መጻፍ ስለማይችሉ ከልጃቸው ሽርጥ አረንጓዴ ቁራጭ ቀደው ጥቅሉ ላይ ቋጥረውበታል። ያቺን ቁራጭ ከሼኹ ግድግዳ ላይ አዩዋት። ዝም ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ሼኹ ምን ሆንሽ ብለው ቢያጠብቁባቸው እየፈሩ ነገሩን አወጡት።

"ለእርስዎ ቤት ከሆነማ ሐላል ብያለሁ" አሉ። "እዚህም የሚቀራው የአላህ ቃል ነው።"

ሼኹ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሰጪዋ ይቅር ብለዋል፤ ገመዱ ቢነሳ ደግሞ ቂርአቱ ይቋረጣል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አልሐምዱሊላህ ብሎ ዝም ይል ነበር።

"የለም ዘምዘም" አሉ። "ከእጅሽ የወጣው ለአላህ ነው፤ ወቅፍ፣ የማይመለስ የአላህ ንብረት ሆኗል። አንቺም ሐላል ልትይኝ አትችይም፤ እኔም ልቀበልሽ አልችልም።"

ባለሙያ እስኪጠራ አልጠበቁም። ምስማሩን በካራ እየነቀሉ ገመዱን ራሳቸው አወረዱት፤ ጣታቸውም ደማ። ጥቅሉን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በዚያ በደከመ ጉልበት ከሰዓት በኋላ ለሚሰገደው የአስር ሶላት መስጊድ ወረዱ።

ሶላቱ እንዳበቃ በጀማዓው ፊት ጀውሃርን ጠየቁት። ጀውሃር አልካደም። የመድረሳው ክፍል ገና አላለቀም፤ ገመዱን አይጥ ከሚበላው ብሎ ለሼኹ ሲል አደረገው፤ ብሩንም የመስጊዱ ሣጥን ውስጥ ጨምሮታል። ከጀማዓው አንዳንዱ ታዲያ ምን አጠፋ እያለ አጉረመረመ። ሼኹን ያቃጠላቸው ይኸው ማጉረምረም ነበር።

"ለእኔ ስትል የዘምዘምን ሟች ልጅ አጅር፣ የሰደቃውን ምንዳ ሸጥክልኝ?" አሉት። "የእኔ ጥፋት ግን ካንተ ይብሳል። ርካሽነቱ ስለጣመኝ አልጠየቅሁህም። ስድሳ ዓመት ኪታብ ይዤ አንዲት ጥያቄ ከበደችኝ።" ከዚያም ወደ ጀማዓው ዞሩ፤ "ርካሽ ነገር ስታገኙ፣ የጎደለውን ዋጋ ማን እንደከፈለው ጠይቁ።"

ጀማዓው የክፍሉን ቀሪ ሥራ ተረባርቦ ጨረሰና ገመዱ በዚያው ሳምንት ለሕፃናቱ ተዘረጋ። የሼኹ ደረሶች ሌላ ገመድ እስኪገዛ ድረስ ሁለት ወር ያለ ቂርአት ቆዩ።

እኛስ? እኔን የሚያናድደኝ የጀውሃር ነገር አይደለም፤ የእኛ ነው። ሥጋ ሲቀርብልን በማን እጅ እንደታረደ ሳናጣራ አንጎርስም፤ ማጣራታችንም ደግ ነው። በጓሮ በር በሩብ ዋጋ የሚገባልን ዕቃ ከማን እጅ እንደወጣ ግን ትንፍሽ አንልም። ቢስሚላህ ያልተባለበትን ሥጋ የሚጠየፈው አፋችን፣ ባለቤቱ ያልተጠየቀበትን ዕቃ አልሐምዱሊላህ ብሎ ይረከባል።