ሽታ የሌለው ወደ ኋላ!

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ቆላውን ጥሎ በጠፋበት ዘመን፣ የዱሩም የቤቱም እንስሳ ምላሱን አውጥቶ በአንድ ሞተር ዙሪያ ተኮልኩሎ ነበር። ሞተሩ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ይስብ የነበረ ነው። ቤንዚኑ ሲያልቅ ባለቤቶቹ ጥለውት ሄዱ፣ እሱም ጸጥ አለ። ውሃው ግን እዚያው እታች አለ። አያ አንበሶ «ዝናብ እስኪመጣ መበላላት ክልክል ነው» ብሎ አውጆ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቀምጦ ሞቱን ይጠብቃል።

እመት ጦጣ እጇ አያርፍምና ሞተሩን ፈታታ መልሳ ገጠመችው። ከዚያ ቀና ብላ «ያለ ቤንዚንም ይነሣል» አለች።

«በምን? በጸሎት?» አለ አያ ቀበሮ።

«በእበት! እበትና ፋንድያውን ከደረቀው ወንዝ በተረፈችው ጭቃ ውሃ በጥብጠን፣ አየር በማያስገባ ጉድጓድ እንክደነው። ሲብላላ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙን በቧንቧ ወደ ሞተሩ ስንሰድለት እንደ ቤንዚን ይነድለታል።»

«እበቱን ማን ይሸከማል?» አለ አያ አንበሶ።

ያ ሁሉ ሲያገሳና ሲያላዝን የዋለ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቀበሮ ጭራውን ይልስ ጀመር። ጅብ ሰማይ ሰማይ አየ። በመጨረሻ እመት አህይት ወደ ፊት ወጣች። ውርንጭላዋ ከጎኗ ተለጥፏል፤ ጉሮሮው ከመድረቁ የተነሣ ማናፋት እንኳ ትቷል።

«ልጄ ውሃ ይጠጣልኝ እንጂ እኔ እሸከማለሁ» አለች።

ተሸከመችም። ጦጣ እየዛቀች በስልቻ ትሞላላታለች፣ እሷ በዚያ ፀሐይ ዳገቱን ትወጣለች፣ ትወርዳለች። እበቱ በጎኗ ይንጠባጠባል፣ ዝንቡ ዓይኗን ይበላታል። ሌሎቹ ጥላ ሥር ተጋድመው «በርቺ!» ይሏታል። «በርቺ» ማለት አያልብም መቼም!

አንድ ቀን ጋዙ ሞላ። ጦጣ ሞተሩን አስነሣችው። ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ! ውሃው ፏ ብሎ ከአጠገቡ ባለው ገንዳ ውስጥ ወረደ። እልልታው ቀለጠ፤ ሚዳቋዋ ዘለለች፣ ዝንጀሮው እስክስታ ወረደ።

እንግዲህ ቀድማ መጠጣት የነበረባት ማን ናት? ልጅም ቢጠየቅ ይመልሰዋል። ግን እዚያ አገር ቀበሮ ነበር።

«ጌታዬ» አለ ቀበሮ፣ ወደ አንበሳው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ሽታው አልከበደዎትም?»

«የምን ሽታ?»

«የአህያዋ ነዋ! እበት የነካ አፍ ከንጉሥ ጋር በአንድ ገንዳ? ኧረ ነውር ነው! ሥርዓት ይውጣለት። ንጹሕ ይቅደም፣ እበት የነካ መጨረሻ ይቁም።»

ቀበሮ አፍንጫው ስስ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ተራው ከአህያ ኋላ ስለነበር መቅደም ፈልጎ ነው። አንበሳው ደግሞ ንጹሕ መባል ደስ አለውና «ይሁን» አለ። ጦጣም እበት ስትዝቅ የከረመች ናት፤ እጇን ከኋላዋ ደብቃ ዝም አለች። እሷንም ታዝቤያታለሁ።

አህያ ከሁሉም ኋላ ቆመች። ሁሉም ጠጣ፣ ጠጥቶም ታጠበ፣ ታጥቦም ተራጨ። ተራዋ ሲደርስ የዕለቱ ጋዝ አልቋል፤ ገንዳው ውስጥ የቀረው ጭቃ ነው። ውርንጭላው ጭቃውን ላሰና ቀና ብሎ አያት።

«እማዬ፣ ውሃውን ያመጣነው እኛ ነን አላልሽኝም?»

እስቲ ፍረዱ! ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ አይደለም? አህያ ትዕግሥተኛ ናት ማለት ቁጣ የላትም ማለት አይደለም። ቀጥ ብላ ወደ ቀበሮ ሄደች።

«አያ ቀበሮ፣ ይህን ውሃ ምን አወጣው?»

«ሞተሩ ነዋ!»

«ሞተሩንስ ምን አስነሣው?»

«ጋዙ።»

«ጋዙስ ከየት መጣ?»

ቀበሮ በቧንቧው ላይ ጭራውን ጣል አድርጎ «ጋዝማ የሚመጣው ከቧንቧ ነው! አታዪውም?» አለ። ንጹሓኑ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። አንበሳውም ሳቀ።

አህያ ስልቻዋን ከጀርባዋ አራግፋ ጣለችው። «እንግዲያው ቧንቧውን ጫኑት!» ብላ ልጇን አስከትላ ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደች። እዚያ አሸዋውን በኮቴዋ ጫረች፣ ቆፈረች፣ እንደገና ጫረች። ከሥሩ የመዳፍ ያህል ውሃ አቆረ። ለመንጋ አይበቃም፤ ለእናትና ለልጅ ግን ይበቃል። እዚያው ከረመች።

«ትሂድ!» አለ ቀበሮ። «ከእንግዲህ የእበቱን ጉድጓድ አያ ጅቦ ይይዘዋል።»

አያ ጅቦ ተሾመ። ሹመት አይቶ አያውቅምና ደረቱን ነፋ። አጥንት ሲቆረጣጥም የሚኖር ፍጥረት ነውና እዳሪው እንደ ኖራ ነጭ ነው፤ ደረቅ ነው፣ ሲነኩትም ዱቄት ይሆናል።

«እዩ የኔን!» እያለ ፎከረ። «ነጭ ነው! እንደ አህያዋ አይሸትም!»

«ድንቅ ነው!» አለ ቀበሮ። «ለንጹሕ ውሃ ንጹሕ ነገር! በሉ፣ ክተቱ!»

ነጩን ዱቄት በላይ በላዩ ሞጀሩት። ጦጣ «ኧረ ይሄ አይብላላም፣ የአጥንት ዱቄት ጋዝ አይወጣውም!» ብትል ማን ሰምቷት። ደግሞስ መናገር በነበረባት ቀን ዝም ብላ የለ? ጋዙ እየሳሳ ሄደ። አንድ ቀን ሞተሩ ዱግ… ዱግ… አለ፣ እንደ አሮጌ በሬ ሳል ሳል አደረገውና ቆመ።

«ጉድጓዱን እየው!» ብሎ አንበሳው ጅብን አዘዘው። ጅብ ክዳኑን ከፈት ቢያደርግ የተረፈው ጋዝ እስስስ ብሎ ወጣ፤ የገማ ዕንቁላል ይሸታል። ለእኛ ግማት ነው። ለጅብ ግን የሠርግ ቤት ሽታ ነው!

«ሌባ! ይቺ አህያ ሥጋ ደብቃበታለች!» ብሎ ጮኸና ዘሎ ገባ።

ቧጭ! እስከ ጆሮው ሰጠመ። ሥጋ ቢፈልግ ሥጋ የለ፣ ልውጣ ቢል ያዳልጠዋል። ጎትተው ሲያወጡት ከዓይኑ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረውም። የመጨረሻዋም ጋዝ ተነነች። ፀሐዩ ግን እንዳለ ነው፤ ገንዳውም መሰነጣጠቅ ጀመረ።

አያ አንበሶ ምላሱ ተንጠልጥሎ ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደ።

«እመት አህይት፣ ነይልን እንጂ። በድለንሻል።»

«ልጄ ጭቃ ሲልስ አይተው ስቀዋል፣ ጌታዬ።»

አንበሳው አንገቱን ደፋ። «ስቄያለሁ። ምን ላድርግ?»

«ስልቻ ይሸከሙ» አለች። «እርስዎም፣ ሁሉም። ሞተሩ ሲነሣ ልጄ ይቀድማል። ከዚያ ገንዳው ጋ የምቆመው እኔ ነኝ፤ እያሸተትኩ አሳልፋለሁ።»

አንበሳ እበት ተሸከመ። አዎ፣ አንበሳ! እበቱ ጎፈሩ ላይ ደረቀበት፣ ዝንብም ንጉሥ ነው ብሎ አልማረውም። ጅብም ተሸከመ፣ ሚዳቋዋም። ጦጣ እጇን መደበቅ ትታ በሁሉም ፊት ስትዝቅ ዋለች። ቀበሮ ብቻ «እግሬን ወለም ብሎኛል» ብሎ ጥላ ሥር ተኝቶ ፀጉሩን ሲያበጥር ከረመ።

ጋዙ ሞልቶ ሞተሩ ዱግ ዱግ ሲል ግን ቀበሮ ማንከሱን ረስቶ እየሮጠ መጣ። ውርንጭላው አፉን ገንዳው ውስጥ ነክሮ ጠጣ፣ ጠጥቶ ጠጥቶ አናፋ። ያንን ማናፋት የሰማች እናት ምን እንደተሰማት እኔ አልነግራችሁም። ከዚያ ማሽተት ጀመረች።

«ጌታዬ፣ ይሸታሉ። ይለፉ። አያ ጅቦ፣ አንተማ ትከረፋለህ፣ እለፍ።»

ቀበሮ አንገቱን አስግጎ ቀረበ። አህያ አሸተተችው፤ ደግማም አሸተተችው።

«አያ ቀበሮ፣ አንተ ምንም አትሸትም።»

«አመሰግናለሁ!» ብሎ ጭራውን ቆላ።

«ወደ ኋላ!»

«ጌታዬ!» ብሎ ቀበሮ ወደ አንበሳው ዞረ። አንበሳው ግን እየጠጣ ነበርና ቀና አላለም። ቀበሮ ከሁሉም ኋላ ቆመ። ተራው ሲደርስ ገንዳው ውስጥ የቀረው ጭቃ ነው። ላሰው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሸክም በተሸከመልን ላይ አፍንጫችንን የምንይዝ ከሆነ በዚያ ሸክም ከተገኘው ውሃ አንዲት ጉንጭ እንኳ እንደማይገባን ነው።